ኮንትሮል ዜድ የትኛውን ታሪክ ይመልሳል? በቪዥዋል ፕሮግራሚንግ ውስጥ ያልተጠበቀ መቀልበስ

በስክሪን ላይ ኖድ የሚባሉ ሳጥኖችን በሽቦ እያገናኙ ወይም ብሎኮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። የመቀልበሻውን ቁልፍ፣ ኮንትሮል ዜድን፣ ሲጫኑ የሚመለሰው የጠበቁት ነገር አይደለም። የተነቀለ ሽቦ ለመመለስ ይጫናሉ፤ ከስክሪኑ ውጪ ያለ ሌላ ኖድ ቦታውን ይቀይራል። የስላይደር፣ ማለትም በመጎተት የሚቀየር፣ ቁጥር ለመመለስ ይጫናሉ፤ ቀደም ብለው ያጠፉት ነገር ብቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ውስጥ ውስጡን ግን የሆነ ነገር ተቀይሯል።

ውይይቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ባግ ነው»፣ ማለትም የሶፍትዌር ስህተት ነው፣ ይላል። ሌላው «አሠራሩ እንደዚያ ነው፣ ስላልገባችሁ ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ አንድ ሳይሆን ብዙ የለውጥ ታሪኮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቁልፉ ግን አንድ ነው። ሶፍትዌሩም የትኛውን ታሪክ ሊመልስ እንደሆነ አስቀድሞ አይናገርም።

ቃላቱን ቶሎ እንግለጽ። ቪዥዋል ፕሮግራሚንግ ማለት ኮድ በጽሑፍ ከመጻፍ ይልቅ ሥዕላዊ ቁርጥራጮችን እያገናኙ ፕሮግራም መሥራት ነው። ሁለት ዓይነት በብዛት ይታያል። አንደኛው እንደ ስክራች ያለው ነው፤ ብሎኮች አንዱ ከሌላው ጋር ይገጣጠማሉ። ሁለተኛው እንደ ግራስሆፐር (ለዲዛይን)፣ ላብቪው (ለምህንድስና)፣ የአንሪል ብሉፕሪንት (ለጌም) እና የብሌንደር ጂኦሜትሪ ኖድስ (ለሦስት ዳይሜንሽን ሥራ) ያለው ነው፤ ኖድ የሚባሉ ሳጥኖች በሽቦ ይያያዛሉ። ሳጥኖቹ የሚቀመጡበት ሰፊ ሜዳ ካንቫስ ይባላል። ቀልብስ የመጨረሻውን ድርጊት የሚመልሰው ትዕዛዝ ነው፤ ብዙ ሰው በቁልፉ ስም ኮንትሮል ዜድ ይለዋል። ድገም፣ በተለምዶ ሪዱ የሚባለው፣ የተቀለበሰውን መልሶ ያመጣል።

ጽሑፍ ላይ ለምን አያስቸግርም?

መቀልበስ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፍሬስ የተባለ የጽሑፍ ሥርዓት ነበረው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋረን ቴይተልማን ሊስፕ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ያደረጉትን እንዲመልሱ የሚያስችል ረዳት ሠራ። በ1983 የወጣው የአፕል ሊሳ ኮምፒውተር ደግሞ ዜድን ለመቀልበስ፣ ኤክስን ለመቁረጥ፣ ሲን ለመቅዳት፣ ቪን ለመለጠፍ ተጠቀመ። ጣታችን ዛሬም የለመደው ያንኑ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ቤን ሽናይደርማን የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር በስክሪን ላይ ያለን ነገር በቀጥታ ይዞ ስለመጎተት ጻፈ። ድርጊቶች ፈጣን፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ እና በቀላሉ የሚመለሱ መሆን አለባቸው አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መመለስ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለመሞከር አይፈራም። ቪዥዋል ፕሮግራሚንግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሙከራ ላይ የቆመ የአሠራር ዘይቤ ነው። ሽቦውን ወዲህ እናገናኘው፣ ምን እንደሚወጣ እንይ፣ ካልሆነ እንመልሰው። የመቀልበስ እምነት ሲጠፋ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለውን ያህል ትንሽ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ጽሑፍ ላይ መቀልበስ ብዙም የማያስቸግረው ጽሑፍ አንድ መስመር ስለሆነ ነው። ፊደሎቹ በተራ ይሰለፋሉ። ቀልብስ ሲጫኑ ጠቋሚው ለውጡ ወዳለበት ቦታ ይዘላል፤ የተመለሰውን ዓይን ያየዋል። ካንቫስ ላይ ግን መቶ ኖድ በአራቱም አቅጣጫ ተበትኖ ይገኛል። አንዳንዱ በሌላ ኖድ ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ ነው። ከካንቫሱ ጎን ደግሞ የቅንብር ሰሌዳ፣ የሦስት ዳይሜንሽን እይታ እና የጽሑፍ ሳጥኖች አሉ።

የላብቪው ታሪክ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ሶፍትዌሩ በ1986 ለማኪንቶሽ ወጣ። ቀልብስ የተጨመረለት ግን በአምስተኛው ቨርዥን፣ በ1998 ነው። ለ12 ዓመት ገደማ መሐንዲሶች የተሳሳተ ሽቦ በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር፤ ወይም ፋይሉን ሴቭ ሳያደርጉ ዘግተው እንደገና ይከፍቱ ነበር።

ከጀርባ ያሉት ሁለት መንገዶች

አንድ ሶፍትዌር ወደ ኋላ መመለስ እንዲችል ሁለት መሠረታዊ መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው ድርጊትን መመዝገብ ነው። ኖድ ሲጨመር «ተጨመረ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲቀለበስ ይጠፋል። ኖድ ሲንቀሳቀስ የነበረበትና የሄደበት ቦታ ይጻፋል፤ ሲቀለበስ ሁለቱ ይገለበጣሉ። መዝገቦቹ እንደ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ይቆለላሉ፤ ቀልብስ ከላይ ያለውን ያነሳል። በጉግል የተሠራው እና ስክራች 3.0 የተመሠረተበት ብሎክሊ የሚሠራው እንዲህ ነው። ብሎክ ሲፈጠር፣ ሲጠፋ፣ ሲንቀሳቀስ እና ሲቀየር የየራሱ ክስተት ይመዘገባል። የሚወስደው ሜሞሪ ትንሽ ነው። ችግሩ ለእያንዳንዱ ዓይነት ድርጊት ትክክለኛውን ተቃራኒ አስቦ መጻፍ የሚጠበቅበት ሰው መሆኑ ነው። አንዱ ከተረሳ መዝገቡና እውነታው ይለያያሉ።

ሁለተኛው መንገድ ሁኔታውን እንዳለ መቅዳት ነው። ከእያንዳንዱ ድርጊት በኋላ የፕሮጀክቱ ሁኔታ ይቀመጣል፤ ሲቀለበስ የቀድሞው ቅጂ ይመለሳል። ብሌንደር በዋናነት በዚህ መንገድ ይሄዳል። የሚረሳ ተቃራኒ ስለሌለ አስተማማኝ ነው። ሜሞሪ ግን ይበላል። ስለዚህ ገደብ ይደረግበታል፤ የብሌንደር መነሻ ቅንብር 32 እርምጃ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ቁጥሩን በቅንብር ካላሳደጉት በቀር የለም። ረጅም ሰዓት ሠርቶ «ጠዋት ወደነበረው ልመለስ» ያለ ሰው ድንገት መንገዱ ሲቆምበት የሚገርመው ይህን ስለማያውቅ ነው።

በመሃል ደግሞ አንሪል ኢንጂን አለ። ለውጦች ትራንዛክሽን በሚባል ጥቅል ይያዛሉ። አንድ ነገር ከመቀየሩ በፊት «ልቀይርህ ነው» ተብሎ በኮድ መነገር አለበት፤ ያን ጊዜ የነበረበት ሁኔታ ይመዘገባል። ያልተነገረለት ነገር አይመዘገብም። ግራስሆፐር ላይም ተጨማሪ ኖድ የሚሠሩ ሰዎች በራሳቸው ኮድ የሚደረገውን ለውጥ ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል።

ይህ ብዙ ግራ መጋባትን የሚፈታ ነጥብ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። አንድ ድርጊት ሳይመዘገብ ሲቀር ቀልብስ ቁልፉ ዝም አይልም። ከዚያ በፊት የተመዘገበውን ድርጊት ይመልሳል። ተጠቃሚው የመጨረሻ ያደረገው ሀ ነው፤ ሀ ግን መዝገብ ላይ የለም። ቁልፉን ሲጫን ለ ይመለሳል። ለእሱ የታየው «የማልፈልገውን መለሰብኝ» ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ሀ ተከስቶም አያውቅ። ከሌላ ወገን የመጡ ተጨማሪ ኖዶች በሞሉበት ፕሮጀክት ላይ መቀልበስ እንግዳ ጠባይ ሲያሳይ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

የተሰረዘ ኖድ ሲመለስ

ከሁሉም ከባዱ ድርጊት ኖድ መሰረዝ ነው። ተጠቃሚው ዲሊት አንድ ጊዜ ተጫነ። የጠፋው ግን አንድ ነገር አይደለም። ኖዱ ራሱ፣ በውስጡ የተቀመጡት ቁጥሮች፣ ወደ እሱ የገቡት ሽቦዎች፣ ከእሱ የወጡት ሽቦዎች ሁሉ አብረው ሄደዋል። መቀልበስ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ መልሶ ማቆም አለበት። ሽቦዎቹን በተለየ መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ላይ መጀመሪያ ኖዱ ብቻ ይመለሳል። ሽቦዎቹን ለማግኘት ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሽቦዎቹን በእጁ ማገናኘት ይጀምራል።

ሌላው የማንነት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ኖድ በውስጥ መለያ ቁጥር አለው። ሽቦዎችም ሆኑ የቀድሞ መዝገቦች ኖዱን የሚያውቁት በዚያ ቁጥር ነው። የተሰረዘው ኖድ ሲመለስ አዲስ ቁጥር ከተሰጠው ለዓይን ያው ነው፤ ለመዝገቡ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የሚደረጉ እርምጃዎች የሌለ ኖድ ይፈልጋሉ። ወይ ስህተት ይወጣል፣ ወይ በዝምታ ይዘለላሉ። የሚታየው ውጤት ግማሹ ተመልሶ ግማሹ ያልተመለሰ ካንቫስ ነው።

ከዚህም የረቀቀው የሽቦዎች ቅደም ተከተል ነው። ግራስሆፐር ላይ በአንድ መግቢያ ብዙ ሽቦ መሰካት ይቻላል፤ ዳታው የሚገባውም በተሰኩበት ተራ ነው። አንድ መሣሪያ ሽቦዎቹን ሲመልስ ተራቸውን ካፋለሰ፣ ካንቫሱ ከበፊቱ ምንም የተለየ አይመስልም። ሽቦዎቹ አሉ፣ ኖዶቹ አሉ፣ የስህተት ምልክት የለም። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ዝምተኛ ለውጥ ነው። የሚታይ ስህተት ይታረማል። የማይታየው ግን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ሥራ ድረስ ይሄዳል።

«አንድ ድርጊት» ስንት ነው?

ስላይደር ከ10 ወደ 80 ሲጎተት ለሰው አንድ ድርጊት ነው። ለኮምፒውተሩ ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር አዲስ ዋጋ ነው፤ 11፣ 12፣ 13 እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ለየብቻ ከተመዘገቡ ወደ 10 ለመመለስ ቁልፉን ብዙ ጊዜ መጫን ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሮች ተከታታይ ጥቃቅን ለውጦችን ወደ አንድ ያዋህዳሉ። ብሎክሊም ተከታታይ የእንቅስቃሴ ክስተቶችን እንዲህ ያጣምራል።

ማዋሃዱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ተጠቃሚው ወደ 80 ጎትቶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ ከዚያ ወደ 60 ከቀነሰ ይህ አንድ ድርጊት ነው ወይስ ሁለት? ማውሱን ከለቀቀ ሁለት መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። ሳይለቅ ቆም ብሎ ከሆነስ? መልሱ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ብዙም የማይነሳ ነገር አለ። በኖድ ሶፍትዌር ውስጥ መቀልበስ ራሱ አዲስ ስሌት ያስነሳል። የስላይደሩ ዋጋ ሲመለስ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ እንደገና ይሰላል። ንድፉ ከባድ ከሆነ ስክሪኑ ለብዙ ሰከንድ ይደርቃል። ተጠቃሚው «አልሠራም» ብሎ ደግሞ ይጫናል፣ አሁንም ይጫናል። ስሌቱ ሲያልቅ የተጫኑት ሁሉ በተራ ይፈጸማሉ። አንድ እርምጃ የፈለገ ሰው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይገኛል። ይህ ባግ አይደለም። ግን ቁልፉ እንደተሰማ የሚናገር አንዲት ትንሽ ምልክት ብትኖር አይፈጠርም ነበር።

አንድ ቁልፍ፣ ብዙ ታሪክ

ግራስሆፐር ራይኖ በተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ የሚሠራ ነው። ሁለቱ የየራሳቸው የመቀልበስ መዝገብ አላቸው። በግራስሆፐር የተሠራ ቅርጽ ቤክ ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ራይኖ እንደ እውነተኛ ቅርጽ ሲወርድ፣ ቅርጹ የራይኖ ንብረት ይሆናል። እሱን ለማጥፋት ኮንትሮል ዜድ መጫን ያለበት የራይኖ መስኮት ተመርጦ ነው። የግራስሆፐር ካንቫስ ተመርጦ ሳለ ከተጫነ የሚመለሰው የመጨረሻው የኖድ ለውጥ ነው። ተጠቃሚው ዓይኑ ቅርጹ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ግን የሚያየው ዓይኑን አይደለም፤ መጨረሻ ክሊክ የተደረገበትን መስኮት ነው።

ስክራች ላይ ሌላ መልክ ይዟል። እያንዳንዱ ስፕራይት፣ ማለትም በመድረኩ ላይ ያለ ገጸ ባሕርይ፣ የራሱ ብሎኮች አሉት። ከአንዱ ስፕራይት ወደ ሌላው ሲኬድ የብሎኮቹ የመቀልበስ መዝገብ ይጸዳል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የድመቷን ብሎክ ለውጥ ኳሱ ላይ ሆነው እንዳይቀለብሱ። አስተዋይ ውሳኔ ይመስላል። ግን አንድ ልጅ ስህተት ሠርቶ፣ ሌላ ስፕራይት ጋ ሄዶ አይቶ ሲመለስ፣ መመለሻው የለም። ስፕራይት ራሱ ከተሰረዘ ደግሞ ኮንትሮል ዜድ አይመልሰውም። ኤዲት ከሚለው ሜኑ ውስጥ የመመለሻ ትዕዛዝ አለ፤ የሚመልሰውም መጨረሻ የተሰረዘውን ብቻ ነው። የሥዕል ማረሚያውም የራሱ የመቀልበሻ ቁልፎች አሉት። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሦስት ዓይነት መመለሻ ማለት ነው።

የጽሑፍ ሳጥኖችም ይጨመሩበት። ኖድ ውስጥ ቁጥር ወይም ስም በመተየብ ላይ ሳሉ ቀልብስ የሚመልሰው ፊደል ነው። ከሳጥኑ ሲወጡ ያ ታሪክ ተዘግቶ «ስም ተቀየረ» የሚል አንድ መዝገብ ይሆናል። ጠቋሚው ሳጥኑ ውስጥ ይሁን አይሁን ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም።

እንደ እኔ እይታ በዚህ ሁሉ ውስጥ ታሪኮቹ መለያየታቸው ጥፋት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቁልል ብናደርጋቸው የባሰ ይመጣል፤ ሥዕል ለመመለስ የተጫነ ሰው ኮዱን ያጣል። ጥፋቱ መለያየታቸው አለመታየቱ ነው።

ኖድ ማንቀሳቀስ ለውጥ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ አስተያየቶች አሉ።

አንዱ ወገን የኖድ ቦታ ፕሮግራሙን አይነካም ይላል። ሳጥኑ ከግራ ወደ ቀኝ ቢሄድ ስሌቱ ያው ነው። ታዲያ የመቀልበስ ቁልልን ለምን እናጨናንቃለን? አንድ የተበላሸ ሽቦ ለመመለስ ለምን አሥር የቦታ ለውጥ እናልፋለን?

ሌላው ወገን አቀማመጥ ለሰው ትርጉም አለው ይላል። ተመራማሪዎቹ ቶማስ ግሪን እና ማሪያን ፔትር በ1996 ላብቪውንና ፕሮግራፍ የተባለውን ሥዕላዊ ቋንቋ በመረመሩበት ጥናት ሁለተኛ ደረጃ ምልክት የሚል ሐሳብ ተጠቅመዋል። ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ አንባቢው ግን የሚረዳበት ነገር ማለት ነው። የሚዛመዱ ኖዶችን ማቀራረብ፣ ዋናውን መስመር ቀጥ ማድረግ፣ በመሃል ክፍተት መተው፣ ሁሉም ለሚቀጥለው ሰው መልእክት ናቸው። እዚሁ ጥናት ላይ ዝልግልግነት የሚባል ሐሳብም አለ፤ አንድ ትንሽ ለውጥ ለማድረግ የሚጠይቀው ድካም ማለት ነው። ሥዕላዊ ቋንቋዎች በዚህ በኩል ይከብዳሉ። አንድ ኖድ በመሃል ለማስገባት ብዙውን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ተለፍቶበት የተስተካከለ አቀማመጥ በአንድ የተሳሳተ «ራስህ አስተካክል» ትዕዛዝ ሲበታተን መመለሻ ማጣት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ወገን ትክክል ይመስለኛል። ግን የመጀመሪያው የሚያነሳው ችግር እውነተኛ ነው፤ ከባዱ መልኩም ቁልሉ መጨናነቁ አይደለም። ድገም መጥፋቱ ነው። በአብዛኛው ሶፍትዌር አሠራር አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው አዲስ ነገር ካደረጉ ወደ ፊት የነበሩት አምስቱ ይሰረዛሉ። የድሮውን ለማየት ብቻ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ካንቫሱ ላይ ክሊክ ሲያደርግ ሳያስበው ኖድ ትንሽ ይነቃነቃል። ያቺ ቅንጣት እንቅስቃሴ «አዲስ ድርጊት» ሆና ወደ ፊት የነበረውን ሁሉ ታጠፋለች። ሰውየው ምንም እንዳደረገ አያውቅም። የሠራው ግን ሄዷል።

ለዚህ መፍትሔ የሌለው እንዳይመስል፣ ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ በ2006 በወጣው 7ኛ ቨርዥኑ የመቀልበስ ታሪክን እንደ ዛፍ መያዝ ጀመረ። ወደ ኋላ ሄደው አዲስ ነገር ቢያደርጉ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ የድሮው ቅርንጫፍ ይቀመጣል። ቪዥዋል መሣሪያዎች ላይ ይህ ብዙም አይታይም። በጣም የሚያስፈልገው ግን እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ሥራው በባሕርይው «ይህንንም ልሞክር፣ ያንንም ልሞክር» ነው።

ንድፉ ይመለሳል፣ የሆነው ግን አይመለስም

ቀልብስ የሚመልሰው ፕሮግራሙን እንጂ ፕሮግራሙ የሠራውን አይደለም። ይህ በጽሑፍ ኮድ ላይ ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ፊደል ቀልብሶ የተላከ ኢሜይል ይመለሳል ብሎ አይጠብቅም። ቪዥዋል መሣሪያዎች ላይ ግን ማረምና ማስኬድ ተቀላቅለዋል። ሽቦው እንደተሰካ ውጤቱ ይታያል። ስለዚህ ሽቦው ሲመለስ ውጤቱም አብሮ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው።

ብዙ ጊዜ ይመለሳልም። ኖዶቹ ንጹሕ ስሌት ብቻ ከሆኑ፣ ያው ግብዓት ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ትውስታ ያላቸው ኖዶች ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚቆጥር ኖድ፣ የፊዚክስ ሲሙሌሽን፣ የራሱን ውጤት መልሶ የሚቀበል ዑደት፣ ሁሉም ከዚህ በፊት የሆነውን በውስጣቸው ይይዛሉ። ቅንብሩ ቢመለስም የቆጠሩት ላይመለስ ይችላል። ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙት ደግሞ ጨርሶ አይመለሱም። ፋይል የጻፈ፣ መልእክት የላከ፣ ሞተር ያንቀሳቀሰ ኖድ ቀልብስ አይሰማም።

ኖድ-ሬድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2013 በአይቢኤም ውስጥ የተጀመረ፣ መሣሪያዎችንና አገልግሎቶችን በኖድ ለማገናኘት የሚያገለግል ነው። ማረሚያው በብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ለውጡ ሥራ ላይ የሚውለው ዲፕሎይ የሚለው ቁልፍ ሲጫን ነው። ዲፕሎይ ካደረጉ በኋላ ኮንትሮል ዜድ ቢጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለው ንድፍ ይመለሳል። እየሄደ ያለው ግን አዲሱ ነው፤ እንደገና ዲፕሎይ እስኪደረግ ድረስ። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ስክሪኑና እውነታው ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ያንን የማያውቅ ሰው ችግሩን የመለሰ መስሎት ሊነሳ ይችላል።

ሁለት ሰው፣ እና ኤአይ

መሣሪያዎቹ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደሚሠራባቸው ሲሄዱ ጥያቄው ይከብዳል። እኔ ቀልብስ ስል የእኔን የመጨረሻ ድርጊት ነው ወይስ የሁላችንን? እንደ ጉግል ዶክስ ባሉ የጋራ ማረሚያዎች የተለመደው መልስ የራስን ብቻ ነው። ጽሑፍ ላይ ይሠራል። ኖድ ላይ ግን እንዲህ ብለን እናስብ። እኔ አንድ ኖድ ጨመርኩ። የሥራ ባልደረባዬ ወደዚያ ኖድ ሽቦ ሰካች። አሁን እኔ ቀልብስ አልኩ። ኖዱ ከጠፋ የእሷ ሽቦ አብሮ ይጠፋል፤ የእሷን ሥራ ቀለበስኩ ማለት ነው። ካልጠፋ ቁልፉ እኔን አልሰማም። ሁለቱም መልስ አንዳችንን ያስከፋል። ሦስተኛው፣ «ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ነው፣ ይቀጥል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሥራ ያቋርጣል፤ ግን ከሦስቱ እውነተኛው እሱ ነው።

የኤአይ ረዳቶች ወደ እነዚህ መሣሪያዎች መግባታቸው ደግሞ «አንድ ድርጊት ስንት ነው» የሚለውን ጥያቄ እንደገና ከፍቶታል። ረዳቱ በአንድ ጥያቄ 40 ኖድ ቢያስቀምጥ፣ ሽቦ ቢሰካ፣ የነበሩትን ቢያዛውር፣ ተጠቃሚው በአንድ ጊዜ መመለስ ይፈልጋል። ረዳቱ እየሠራ ሳለ ተጠቃሚው በእጁ አንድ ነገር ቢያስተካክልስ? ያ በጥቅሉ ውስጥ ይገባል ወይስ ለብቻው ይቆማል? ይህን አስቀድሞ ያላሰበ መሣሪያ ላይ ሰዎች ረዳቱን ማመን ያቆማሉ። ምክንያቱ የረዳቱ ስህተት አይሆንም፤ ስህተቱን መመለስ አለመቻሉ ይሆናል።

ባግ ነው ወይስ አሠራር?

ወደ ክርክሩ ስንመለስ መለያው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሁሉንም እርምጃ ቀልብሶ፣ እንደገና ሁሉንም በድገም መልሶ፣ መጀመሪያ ከነበረው የተለየ ነገር ከተገኘ ባግ ነው። የተፋለሰ የሽቦ ተራ፣ ያልተመለሰ ግንኙነት፣ የተለወጠ ዋጋ ከሆነ ክርክር አያስፈልገውም። የተመለሰው በትክክል ተመልሶ፣ ግን የጠበቅነው እሱ ካልነበረ፣ የዲዛይን ጉዳይ ነው። የዲዛይን ጉዳይ ነው ማለት ግን ተጠቃሚው ዝም ይበል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ከተሳሳተ ቦታው ችግር አለበት።

በመሣሪያዎቹ ለሚሠሩ ሰዎች፦ ከመሰረዝ ይልቅ ኖዱን ማሳለፍ ወይም ባለበት ሥራውን ማስቆም የሚቻልበት መንገድ በብዙዎቹ ላይ አለ። ብሌንደር ላይ ኤም የሚለውን ቁልፍ መጫን ኖዱን ሚውት ያደርገዋል፤ ሁዲኒ በተባለው የኖድ ሶፍትዌር ላይ ማለፊያ ምልክት አለ፤ ግራስሆፐር ላይ ዲሴብል ማድረግ ይቻላል። ይህ ከመቀልበስ በአንድ ነገር ይበልጣል። ኖድ ግራፍ ራሱ የአሠራር ታሪክ ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ እርምጃ ነው። ግራስሆፐር መጀመሪያ በ2007 ሲወጣ ስሙ ኤክስፕሊሲት ሂስትሪ፣ ማለትም ግልጽ ታሪክ፣ የነበረው በከንቱ አይደለም። በመሃል ያለውን አንድ እርምጃ ብቻ አስቁሞ ከእሱ በኋላ የተሠራውን ሁሉ ማቆየት ይቻላል። ኮንትሮል ዜድ ይህን አይችልም፤ እሱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነሳው። ትልቅ ሙከራ ከመጀመር በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ፣ የሚሠራውን የኖድ ስብስብ ኮፒ አድርጎ ከጎን ማቆየት፣ ወደ ኋላ ሄደው የድሮውን ሲያዩ ካንቫሱን አለመንካት፣ እነዚህ ጥቃቅን ልማዶች ብዙ ያድናሉ። ብሌንደርና አንሪል ላይ የቀልብስ ታሪክን በዝርዝር የሚያሳይ ቦታም አለ፤ በጭፍን ደጋግሞ ከመጫን እሱን ከፍቶ የሚፈለገውን መምረጥ ይሻላል።

መሣሪያዎቹን ለሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ውድ ያልሆነ ማሻሻያ አለ። ሜኑ ላይ «ቀልብስ» ብቻ ከመጻፍ «ሽቦ መንቀልን ቀልብስ» ብሎ መጻፍ። የተመለሰው ነገር ከስክሪን ውጪ ከሆነ እይታውን ወደዚያ መውሰድ ወይም ለአፍታ ማድመቅ። በጣም ትንሽ የማውስ ንቅናቄን እንደ መጎተት አለመቁጠር። ሙከራውም በራሱ የሚሄድ ኮድ ሊሆን ይችላል፦ በዘፈቀደ የተመረጡ ብዙ ድርጊቶችን አስፈጽሞ፣ ሁሉንም ቀልብሶ፣ ፋይሉን ከመነሻው ጋር ማነጻጸር፤ ከዚያ ሁሉንም በድገም መልሶ ከመጨረሻው ጋር ማነጻጸር። ንጽጽሩ የኖዶቹን መለያ ቁጥርና በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ያለውን የሽቦ ተራ መጨመር አለበት፤ ስክሪን ላይ ተመሳስለው ሲያበቁ የሚለያዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና።